ወደ ኋላ የተገኘ ድል

ክረምት ሲገባ የአዲስ አበባ ሰው ሁለት ነገር ይወዳል፤ ብርድ ልብሱንና ሆዱን። ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር እግራችን ወደ ምድጃው፣ እጃችን ወደ መሶቡ ይሳባል። «ለብርድ ገንፎ ነው» እንላለን፤ ገንፎው ግን የሚቀርበው ለቅቤው መቀመጫ ሆኖ ነው። «ለብርድ ሻይ ነው» እንላለን፤ ሻዩም ስኳሩን ለማርጠብ ያህል ነው። አባቶቻችን «ሆድ ካገር ይሰፋል» ያሉት ሐምሌ ላይ ሳይሆን አይቀርም። ከሰኔ እስከ መስቀል የምንጓዘው ረጅሙ መንገድ ከአልጋ እስከ ደጃፍ ነው፤ እሱንም ጭቃውን አይተን ለመመለስ። ስለዚህ መስከረም ሲጠባ የሚፈነዳው አደይ አበባ ብቻ አይደለም። የቀሚስና የሱሪ ስፌትም አብሮ ይፈነዳል።

እናንተ እንዲህ አይደላችሁም ይሆናል። እግዜር ይባርካችሁ። እኔ የማወራው ስለ ቤቴ ነው።

ቤቴ ልደታ ነበር፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ። ዘመኑ የደርግ፣ እኔ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ፣ ባለቤቴ አስካለ ደግሞ አምስት ልጆች ወልዳ ያሳደገች፣ ደልደል ያለች፣ ሳቋ ከጎረቤት አልፎ የሚሰማ ሴት። አንድ ሰኔ ላይ ያ ሳቅ ጠፋ። ውሃ ይጠማታል፣ ቁጭ ባለችበት ይደክማታል። ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ሐኪሙ ልጅ እግር ቢሆንም ነገር አያሽሞነሙንም፤ «ስኳር አለብዎት» አላት።

«ስኳር በወረፋ በሚገኝበት ዘመን» አለች አስካለ፣ «በሽታው ለእኔ እንዴት ያለ ወረፋ ደረሰኝ?»

ሐኪሙ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ታላቅ እህቷን ዓይኗን ያጠፋባት ይኸው በሽታ ነበር፤ አስካለ የቀለደችውም እሷን እያሰበች መሆኑን አውቃለሁ። ሐኪሙ ቅቤና ጣፋጭ እንድትተው፣ ገብስ፣ ጎመንና ጥራጥሬ እንድታዘወትር፣ ከሁሉም በላይ ሰውነቷን እንድታንቀሳቅስ መከራት። «ይህ ካልረዳን ክረምቱ ሲወጣ መርፌ እንጀምራለን» ሲል ጨመረ።

ቅቤውን መተው እንኳ አልከበደም፤ ያን ጊዜ ቅቤውም እኛን ትቶን ነበር። የቸገረው መንቀሳቀሱ ነው። በሐምሌ ልደታ ውስጥ የት ሆነው ይንቀሳቀሳሉ? መንገዱ ማጥ ነው፣ ሰማዩ ወንፊት ነው። አንዲት የቤት እመቤት ዣንጥላ ይዛ ያለ ጉዳይ ላይ ታች ብትል ሠፈሩ «ምን ጠፍቷት ነው?» ይላል። በዚያ ዘመን ደግሞ ያለ ጉዳይ የሚመላለስ ሰው ጉዳይ ይፈለግለት ነበር።

መፍትሔው የመጣው መፍትሔ ይመጣል ተብሎ ከማይጠበቅበት ቦታ ነው፤ ከቀበሌ ስብሰባ። የቀበሌው ጓድ ሊቀመንበር በነሐሴ ቀበሌዎች በስፖርት እንደሚወዳደሩና የእኛ ሴቶች በገመድ ጉተታ ከሰንጋ ተራ ሴቶች ጋር እንደሚገጥሙ ከገለጹ በኋላ «ፈቃደኛ የሆነች እጇን ታውጣ!» አሉ። ሴቶቹ ሁሉ ነጠላቸውን ማስተካከል ያዙ። አስካለ እጇን አወጣች። በሌላው እጇ ደግሞ አጠገቧ ያለችውን ጎረቤታችንን፣ እህል ነጋዴዋን ዘይነባን፣ ክንዷን ይዛ ወደ ላይ አነሳች።

«ምን ማድረግሽ ነው?» አለቻት ዘይነባ በሹክሹክታ።

«ብቻዬን ልሙት እንዴ?»

የሁለቱን ያዩ ሌሎችም ተከተሉና ቡድኑ ሞላ። አሠልጣኝ ሆኖ የተመደበው አስር አለቃ ደምሴ የሚባል ጡረተኛ ወታደር ነበር፤ ፊሽካው ከአፉ የሚወጣው ሲበላና ሲተኛ ብቻ ነው። ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ ገመዱን ከአንድ ትልቅ ባሕር ዛፍ ጋር አሥሮ «ጎትቱ!» ይላቸዋል። ሴቶቻችን በቀሚሳቸው ሥር ቱታ አጥልቀው፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ጠምጥመው፣ ዝናብ እየወረደባቸው ዛፉን ይጎትታሉ። መጀመሪያ ሰሞን የሠፈሩ ሰው በአጥር ላይ ተንጠልጥሎ ይስቅ ነበር። ዛፉ አልተንቀሳቀሰም። አስካለ ግን ተንቀሳቀሰች።

በሐምሌ መጨረሻ ሐኪሙ መርምሯት ስኳሩ መውረዱን ሲያይ ተገረመ።

«ምን አደረጉ?» አላት።

«ዛፍ ጎተትኩ» አለችው። ሳቋ ኮሪደሩን ሞላው። እኔ ደጅ ሆኜ ሰማሁት፤ ውጤቱንም የሰማሁት በዚያው ነው።

ከዚያ ፍልሰታ ገባች። ውድድሩ የተቀጠረው ደግሞ በጾሙ መካከል፣ እሑድ ጠዋት፣ ልክ በቅዳሴ ሰዓት ነው፤ እንዲህ ያለው አጋጣሚ በዚያ ዘመን ብዙ ነበር። አስር አለቃ ደምሴ ተጨነቀ። ሴቶቹን ሰብስቦ «ሰንጋ ተራዎች ጥሬ ሥጋ ነው የሚበሉት አሉ። እናንተም ለዚህች ሳምንት እንኳ ወተትና እንቁላል ቅመሱ። ጾሙን ሌላ ጊዜ ትተኩታላችሁ» አላቸው።

«አስር አለቃ» አለች አስካለ፣ «በሬ ሥጋ ሲበላ አይተው ያውቃሉ? ሣር በልቶ አይደለም እንዴ ሞፈር የሚጎትተው?»

አስር አለቃው ፊሽካውን ነፋ።

ከዚያ በኋላ ስንቃቸውን የያዘችው ዘይነባ ናት። የገብስ ቆሎ፣ የባቄላ ንፍሮ፣ ዘይት ጠብ የተደረገበት ጎመን፣ የተልባ ውሃ። እሷ ሙስሊም ናት፣ ፍልሰታ አይመለከታትም፤ ሆኖም ሳምንቱን ሙሉ ሥጋ አልቀመሰችም። ለምን ብዬ ብጠይቃት፣ «እነሱ ጎመን በልተው እኔ ሥጋ በልቼ ብጎትት፣ ገመዱ ወደ እኔ ያጋድላላ!» አለችኝ።

እሑድ ደረሰ። ዝናቡም ቀጠሮ እንዳለው ሰው ማልዶ መጣ። ሰንጋ ተራዎች አዲስ ቦት ጫማ ተጫምተዋል፤ ትከሻቸው የበር ያህል ነው። የእኛዎቹ ሸራ ጫማ። አስካለ ከኋላ መጨረሻ ላይ ቆማ ገመዱን ወገቧ ላይ አዞረች፤ ዘይነባ ከፊቷ።

የመጀመሪያውን ዙር ተሸነፍን። እንዴት እንደ ተሸነፍን ልንገራችሁ። ጓድ ሊቀመንበር ድምፅ ማጉያውን ይዘው፣ ከልማድ የተነሳ፣ «ወደ ፊት ጓዶች! ወደ ፊት!» እያሉ ይጮኻሉ። የእኛ ሴቶች ተደናገሩ፤ ወደ ፊት ሄዱ። ገመድ ጉተታ ላይ ደግሞ ወደ ፊት የሄደ ነው የሚሸነፈው። ሁለተኛው ዙር ሲጀመር አስር አለቃ ደምሴ፣ ዕድሜውን ሙሉ አለቃ ተቃውሞ የማያውቅ ሰው፣ ፊሽካውን ከአፉ አውጥቶ፣ «ወደ ኋላ! በማርያም፣ ወደ ኋላ!» አለ። ሕዝቡም ዘመኑን ረስቶ በአንድ ድምፅ «ወደ ኋላ! ወደ ኋላ!» አለ። ጓድ ሊቀመንበር ግራ ቀኝ አዩ፤ ድምፅ ማጉያውን ቀስ ብለው ዝቅ አደረጉ።

ሁለተኛውን አሸነፍን።

በሦስተኛው ገመዱ እንደ ብረት ተገትሮ ቆመ። ማንም አይሄድም፣ ማንም አይመጣም። ዘይነባ አዳለጣትና በጉልበቷ ወደቀች፤ ገመዱን ግን አለቀቀችም። «ያ አላህ!» ስትል ሰማሁ። ከኋላዋ አስካለ «ልደታዬ!» አለችና ተረከዟን ጭቃው ውስጥ ቀብራ ወደ ኋላ ተጋደመች። የሰንጋ ተራ የፊት መሪ ቦት ጫማዋን ጭቃ ውስጥ ትታ በባዶ እግሯ ወደ እኛ መጣች፤ የቀሩትም ተከተሏት።

እኔ ምን እንደ ሆንኩ አላውቅም። ዣንጥላዬን ወርውሬ የማላውቀውን ሰው አቅፌ ስዘል ነበር። «ሚስቴ ናት! ያቺ የኋለኛዋ፣ ሚስቴ ናት!» እለዋለሁ። «ገባኝ ወንድሜ፣ አንገቴን ልቀቀኝ» ይለኛል።

ከዚያ የንግግር ሰዓት ሆነ። ጓድ ሊቀመንበር ድምፅ ማጉያውን ከፍ አድርገው ድሉ የአብዮቱ መሆኑን ሰፋ አድርገው ገለጹ። አስር አለቃ ደምሴ ተቀበለና ድሉ የወታደራዊ ዲሲፕሊን ነው አለ። ከሕዝቡ መሐል አንድ ነጭ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ «የፍልሰታ ጾም ነው እንጂ!» ብለው አጉረመረሙ፤ ድምፅ ማጉያ ግን አልነበራቸውም። ክርክሩ እየጋለ ሲሄድ ሴቶቹ አሁንም ጭቃው ላይ እንደ ተቀመጡ ናቸው። በመጨረሻ ጓድ ሊቀመንበር ወደ አስካለ ጎንበስ ብለው «እስቲ ጓድ አስካለ፣ ድሉ የማን ነው?» ብለው ማጉያውን አፏ ላይ ደገኑ።

አስካለ ፊቷን በክንዷ ጠረገች፤ ጭቃው ባሰባት። ድምጿ ከልደታ አልፎ ሰንጋ ተራ ድረስ ተሰማ።

«ድሉን በኋላ ትከፋፈሉታላችሁ፤ አሁን ውሃ ስጡን!»

ውሃውን ሮጬ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ድል ድርሻዬ ይኸው ነው፤ ለማንም አላካፍልም።