ሊቀ ሊኑክስ ሕሩይና የተጫረው ዲስክ

ሐበሻ በሰፈረበት ከተማ ሁሉ፣ ምሳ ተጋብዞ መጥቶ የጋባዡን ኮምፒውተር ሳይነካካ የማይሄድ አንድ ሰው አይጠፋም። የፍራንክፈርቱ ሕሩይ ይባላል፤ እትዬ ሸዋረገድ ያወጣችለት ማዕረግ ግን «ሊቀ ሊኑክስ» ነው።

የድሮው ዊንዶውስ ኤክስፒ አበቃለት በተባለበት ሰሞን፣ ሊቀ ሊኑክስ ከቦርንሃይም እስከ ጻይልስሃይም ቤት ለቤት ዞሮ ዊንዶውስን አስወጥቶ ሊኑክስን አስገባ። ክርስትና ተጠርቶ ከሕፃኑ ቀድሞ የአባትየውን ላፕቶፕ አጥምቋል። ለቅሶ ሊደርስ ገብቶ የሟቹን ፕሪንተር ከሞት አስነስቷል። ሲያመሰግኑትም ሲቆጡትም መልሱ አንድ ነው፦ «ማሽኑ ምን በደለ?»

ጋሉስ ሰፈር የምትኖረው እትዬ ሸዋረገድ ከሚቆጡት ወገን ነበረች። የሟች ባሏ የገሰሰ ድምፅ የቀራት አንድ ሲዲ ላይ ብቻ ነው፤ በልጃቸው ክርስትና በካሴት የተቀዳ፣ ኋላ የተገለበጠ። ዲስኩ አንድ ቦታ ተጭሯል። ገሰሰ «ሸዋዬ!» ብሎ ይጠራትና፣ የሚቀጥለው ተዘሎ እልልታ ይመጣል። ምን ብሏት እንደነበር አታስታውስም፤ ይህም ዓመታት ሲያንገበግባት ኖሯል። ሕሩይ ሊኑክስ ካስገባላት ወዲህ ደግሞ ኮምፒውተሩ ዲስኩን ጭራሽ ባዶ ነው አላት።

«ዊንዶውሴን መልስልኝ!» ብላ በስልክ ጮኸችበት። ወዲያው መጣ።

«ፎልደሩን ብከፍተው ባዶ ነው» አለችው።

«የድምፅ ዲስክ ፋይል የለውማ፣ እትዬ! አይከፍቱትም፣ ያዳምጡታል እንጂ።» ኮምፒውተሩ ላይ ጥቁር የትእዛዝ መስኮት ከፍቶ አንድ መስመር ጻፈ። «ሸዋዬ!» አለ ገሰሰ፤ ከዚያ እልልታ።

«እዚች ጋ ነው የሚዘለው» አለች።

ሊቀ ሊኑክስ ሌላ መስመር ጻፈ። ኮምፒውተሩ የተጫረችውን ቦታ እየተመላለሰ ያነባት ጀመር። ያቃስታል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይሞክራል። ያቀረበችለት ምሳ ቀዘቀዘ። ሕሩይ «ዛሬ ቴርሚን ነበረኝ» አለና ደውሎ ቀጠሮውን ሰረዘው። እትዬ ሸዋረገድ በአግራሞት አፏን ያዘች፤ ማሽንም ሆነ ሰው ለእሷ ሲል እንዲህ ሲደክም አይታ አታውቅም።

አመሻሹ ላይ ዲስኩን አጫወተው።

«ሸዋዬ! ያንን መቅረጫ አጥፊው እንጂ፣ ባትሪው ያልቃል!»

«ይሄ ብቻ?» አለች። ሳቀች፤ እየሳቀች እንባዋ ወረደ። «ድገመው እስቲ።»

ደገመው። ለሁሉ ነገር ማብራሪያ የማያጣው ሕሩይ ዓይኑን ይጠራርጋል። ከዚያ ጠየቃት።

«እንግዲህ ዊንዶውስዎን ልመልስልዎት?»

እትዬ ሸዋረገድ ኮምፒውተሩን በሁለት እጇ አቀፈችው።

«እጅህን እንዳታሳርፍበት! ማሽኑ ምን በደለ?»