ለዱር ውሻ የሚያዝኑ ሰው

አንባቢዬ፣ ስንፍናውን ምጽዋት ብሎ የሚጠራ ሰው ገጥሞዎት ያውቃል? እኔ ዲንሾ ውስጥ በአጥር የምጎራበተው አለኝ፤ አባ ከድር ይባላሉ። ባለፈው ክረምት አዙሪት የያዘው በጋቸው አንድ ቦታ ሲሽከረከር ቢከርምባቸው አረዱት። ሥጋውን ለቤታቸው አስገቡ፤ ጭንቅላቱን ፈልጠው ግን፣ ከከተማ ወጥተው የቀይ ቀበሮን አገር ለወረሩት ውሾች ሊወረውሩት ተነሡ።

"አባ ከድር፣ አንጎሉ ላይ ውሃ የቋጠረው ከረጢት እኮ የትል ልጅ ነው። ውሻ ሲበላው ሆዱ ውስጥ ያድጋል፤ ውሻው መስኩ ላይ ሲጸዳ የትሉን እንቁላል በጎቻችን ከሳሩ ጋር ይበሉታል። እባክዎ ይቅበሩት" አልኳቸው።

"ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ የተራበ ማብላት ሶደቃ ነው" አሉኝና ወረወሩት።

ለመሆኑ ጉድጓድ መቆፈር ከሶደቃ ያስወጣል?

ይኸው ከወራት በኋላ፣ ያለችኝ አንዲት በግ መዞር ጀመረች። አሳረድኳት። አባ ከድር ሊያጽናኑኝ መጡና፣ "ጭንቅላቷን ለውሾቹ ተይላቸው፤ ምንዳው ያንቺ ነው" አሉኝ።

ዶማዬን አንስቼ መቆፈር ጀመርኩ። ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ "ምን ዓይነት ጨካኝ ሴት ነሽ" አሉኝ።