ሟርተኛውና ምትኬ

በየመሥሪያ ቤቱ አንድ ሟርተኛ አይጠፋም። አለቃ ቢቀየር፣ ሕንጻ ቢታደስ እሱ ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ሰርግ ቤት ገብቶ ከሙሽራዋ በፊት የመውጫውን በር የሚያይ፣ አራስ ሊጠይቅ ሄዶ ስለ ሳንባ ምች የሚያወጋ እሱ ነው።

የሆስፒታሉ ሟርተኛ የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ ነበሩ። ክቡርነታቸው አዲስ ክፍል ሲገቡ ከሰላምታ በፊት ቀና ብለው የውሃ ቧንቧ ይፈልጋሉ። የፋርማሲዋ ኃላፊ ጡረታ ወጥታ ስትሸኝ ሰዉ በየተራ ሲመርቃት፣ እሳቸው ተነሥተው፣ "መንገድ ላይ አንድ ነገር ብትሆኚ የመጋዘኑ ቁልፍ የት እንዳለ ማን ያውቃል?" አሉ። ኬኩ እንኳ ሳይቆረስ ሰው ተበተነ።

ከሁሉ የምትማረረው የካርድ ክፍሏ ኃላፊ ነበረች። ቢሮዋ ከቢሯቸው ፊት ለፊት ስለሆነ ሟርቱን በትኩሱ የምትሰማው እሷ ናት።

"ቢቃጠልስ?" ይሏታል፣ ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ።

"ኧረ አያሟርቱብን ጋሼ፣ በጠዋቱ!"

ይቃጠላል የሚሉት የሆስፒታሉ መረጃ ሁሉ የሚቀመጥበትን ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩን ነው። ካርዱም፣ ላቦራቶሪውም፣ ፋርማሲውም የየራሳቸው ማሽን ያላቸው ይመስላሉ እንጂ ሁሉም ቨርቹዋል፣ በስም ብቻ የተለያዩ ናቸው፤ በአንድ ብረት ሆድ ውስጥ ነው የሚኖሩት፤ ብረቱ ከሞተ አብረው ይሞታሉ። ስለዚህ ክቡርነታቸው ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ሌላ ሰርቨር ተክለው ነበር። ዋናው ላይ የተጻፈው ሁሉ በየሩብ ሰዓቱ ወደዚያ ይገለበጣል፤ ዋናው ሲወድቅ ያኛው ተነሥቶ ይሠራል። ስሙንም ምትኬ አሉት፣ ልጅ የሞተባት እናት ለተከታዩ እንደምታወጣው። የመጀመሪያው ሳይሞት ነው እንግዲህ፤ ሟርተኛን ምን ታደርገዋለህ። በየወሩ መጀመሪያ ቅዳሜ ዋናውን ሆን ብለው አጥፍተው ሠራተኛውን አንድ ሰዓት በምትኬ ያሠሩታል። ሐኪሞቹ ሲያማርሩ እሳቸው ሰዓታቸውን እያዩ ይደሰታሉ።

አንድ ሰሞን ሁለቱን ሰርቨሮች የሚያገናኘው የኔትወርክ መስመር ተጨናነቀ። ግልበጣው ሲጀምር የካርድ ክፍሉ ስክሪን ቀጥ ይላል፤ የበሽተኛው ሰልፍ የግቢው በር ይደርሳል። የካርድ ክፍሏ ኃላፊ ምርር ሲላት፣ አዲስ መስመር እስኪዘረጋ ግልበጣው ይቁም ብላ ደብዳቤ ጻፈች፤ ዳይሬክተሩም ፈረሙበት። ክቡርነታቸው አቆሙት፤ ትእዛዝ ነው፣ ምን ያድርጉ። በነጋታው ግን በሯ ላይ ቆሙ።

"ዛሬ አንድ ቀን ሆነው።"

በማግሥቱ፣ "ዛሬ ሁለት።" ቆጠራው ዘጠኝ ቀን ላይ ሲደርስ እሷ በጓሮ በር መግባት ጀመረች።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ረፋድ ላይ የሰርቨሩ መጠባበቂያ ባትሪ ተቀጣጥሎ እሳቱ ዋናውን ሰርቨር በላው። ሰው አልተጎዳም። ምትኬም በሃያ ደቂቃ ውስጥ ተነሣና ሁሉም እፎይ አለ፤ ስክሪኑን እስኪያዩት ድረስ። ምትኬ የሚያውቀው የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ቀኑን ሆስፒታል ነበር። ሰሞኑን የገቡት በሽተኞች ጭራሽ አልተወለዱም፤ የተቀበሩት ደግሞ በየአልጋቸው ተኝተዋል። አንዲት ነርስ ዝርዝሩን ይዛ የሟች ስም እየጠራች ምሳ አቀረበች።

ክቡርነታቸው ዕድሜ ልካቸውን የጠሩት ቀን ሲመጣ ስለ ሟርታቸው አንድም ቃል አልተነፈሱም። ወረቀት ይዘው ከአልጋ አልጋ እየዞሩ፣ "የትኛውን መድኃኒት ነው የሚወስዱት?" እያሉ መጻፍ ያዙ። እሷም ተከተለቻቸው። ብዬሽ ነበር የሚሏት አሁን ነው፣ አሁን ነው እያለች ትጠብቃለች፤ እሳቸው ይጽፋሉ።

ስምንት ቁጥር አልጋ ጋ ሳይደርሱ ግን ሞት ቀደማቸው። እዚያ ከወር በፊት የገቡ እናት አሉ፤ ስትሮክ አንደበታቸውን ይዞታል። አንድ መርፌ እንደማይስማማቸው የታወቀውና ካርዳቸው ላይ የተጻፈው ከአሥራ አንድ ቀን በፊት ነው። ይህን የምታውቀው ልጃቸው ልብስ ልታመጣ ወጥታለች። ሐኪሙ ምትኬ ላይ ካርዳቸውን ከፈተ፤ ክልከላ የለበትም። መርፌው ተሰጠ። ሴትየዋ ልጃቸው ሳትመለስ አረፉ።

ዳይሬክተሩ ሁለቱን ቢሮ አስጠሩ።

"ሕመሙ ነው የገደላቸው፣ በቃ። ልጅቷን ተጨማሪ ሐዘን ውስጥ አንክተታት።" ወደ ክቡርነታቸው ዞሩ። "እርስዎስ ግልበጣው ይመለስ ብለው በጽሑፍ አስጠንቅቀዋል?"

እሷ አንገቷን ደፋች።

"አላስጠነቀቅኩም" አሉ። "በአፌ ብቻ ነው። ለቧንቧውም ለቁልፉም ያንኑ ስል ነው የኖርኩት። ጆሮዋን ያደነዘዝኩት እኔ ነኝ።"

ሲወጡ በሩ ላይ አስቆመቻቸው። "ጋሼ፣ ዳይሬክተሩ የፈለጉትን ይበሉ። ሄጄ እውነቱን ልነግራት ነው።"

"አብረን እንሂድ። ክፉ ወሬ እኔ ለምጄዋለሁ።"

ልጅቷ የታጠበ ልብስ በፌስታል ይዛ ኮሪደሩ ወንበር ላይ ታለቅሳለች። ክቡርነታቸው ፊቷ ቆሙ። አፋቸውን ከፈቱ፤ ድምፅ አልወጣም። የካርድ ክፍሏ ኃላፊ በጓሮ በር የሸሸቻቸውን ሰውዬ ያን ጊዜ ወደደቻቸው፣ እንደ አባቷ ወደደቻቸው። ለካ ይህን ሁሉ ዓመት ሲለፈልፉ የኖሩት እንዲህ ያለ ሰው ፊት እንዳይቆሙ ነው።

ክንዳቸውን ይዛ ከወንበሩ ጫፍ አስቀመጠቻቸውና ልጅቷ ፊት ተንበረከከች።

"ልጄ፣ እናትሽ የሞቱት በእኛ ጥፋት ነው" አለቻት። "ከራሴ ጀምሬ ልንገርሽ።"