ደብዳቤው እስኪመጣ

ስም መጥራት ቀላል ሥራ ይመስላችኋል። እኔም ሚዛን ተፈሪ ዘጠነኛ ክፍል ሳስተምር ዓመታት ሙሉ በግማሽ ልቤ ነው የጠራሁት፤ ዓይኔ መዝገቡ ላይ፣ ሐሳቤ ቁርስ ላይ። «አቤት» ያለኝ ማንም ይሁን ማን ምልክት አደርጋለሁ። መዝገቡ ከሞላ ክፍሉ የሞላ ይመስለኛል።

አስቴርና ምሕረት ከሸኮ ገጠር መጥተው አንድ ክፍል የተከራዩ ተማሪዎቼ ነበሩ፤ ከቤታቸው ጎደሬ እያመጡ አብረው ቀቅለው ይበላሉ። ምሕረትን ወባ ገደላት። ስሟ ግን መዝገቡ ላይ ቀረ። በትምህርት ቤታችን ደንብ የሞተ የሚሰረዘው ከቀበሌው ደብዳቤ ሲመጣ ነው፤ ያለ ምክንያት የቀረ ደግሞ በአሥር ቀን።

ከቀብሩ በኋላ ሰኞ ጠዋት፣ አፌ ለምዶበት «ምሕረት» አልኩ።

«አቤት» አለ ቀጭን ድምፅ።

ቀና ስል የመለሰችው አስቴር ናት፤ ፊቷ ላይ ቀልድ የለም። የራሷን ስም ስጠራ ግን ዝም አለች። በማግስቱም እንዲሁ። እኔ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ሟቿን «ተገኝታለች»፣ ፊቴ የተቀመጠችውን «ቀርታለች» ብዬ ሞላሁ፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ።

ለመምህራኑ ሳወራ ልክፍት ነው፣ ወደ አገሯ ትሂድ አሉ። እነዚሁ ሰዎች ባለፈው ወር የአንድ ባለ ሆቴል ልጅ ከሰው ጋር መነጋገር ስታቆም ጭንቀት ነው ብለው ነበር፤ አባቷም በመኪናው ጅማ ድረስ ወስዶ አሳከማት። መኪና ያለው ይጨነቃል፣ ጎደሬ ተሸክሞ የመጣው ይለከፋል ማለት ነው። እኔም በልቤ ልክፍት ብዬ ስለነበር አፈርኩ።

ዓርብ ከትምህርት በኋላ ቤቷ ሄድኩ። ሁለት ሳህን ጎደሬ ቀርቧል፤ አንዱ አልተነካም። ለምን በምሕረት ስም እንደምትመልስ ጠየቅኋት።

«ቀረች ከተባለ ይሰርዟታል፣ ቲቸር» አለችኝ። «እኔንማ እያዩኝ ማን ይሰርዘኛል?»

ሰኞ ሐኪም ቤት ይዣት ሄድኩ። የአእምሮ ሐኪም ለካ እዚሁ ነበር፤ በባጃጅ አሥር ደቂቃ። ሰውየው ረጅም ጊዜ አነጋገራት፤ በየሳምንቱ እንድትመለስም ቀጠራት። ደስ ብሎኝ ስመለስ መዝገብ ቤት አዲሱን ዝርዝር ሰጠኝ። ምሕረት አለች፤ አንድም ቀን አልቀረችም። አስቴር በአሥር ቀን መቅረት ተሰርዛለች። የመቅረቷን ምልክት ያደረግሁት እኔው ነኝ። ስሟን ለመመለስ ደብዳቤ ያስፈልጋል አሉኝ።

ማክሰኞ ስሟን በእርሳስ ከዝርዝሩ ግርጌ ጻፍኩ። ምሕረትን ስጠራ ማንም አልመለሰም። መጨረሻ ላይ «አስቴር» ብዬ ቀና አልኩና ጠበቅሁ። ክፍሉም አብሮኝ ጠበቀ።

«አለሁ መሰለኝ» አለች።