ከቅጠሏ ኋላ ያለችው ቀበሮ

ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ፎቶ የሚያሳይ አንድ ሰው ተመድቦለታል። ማን እንደመደበው አይታወቅም፤ ይግባኝም የለውም። የሠርግ ፎቶ የሚያሳየው ይሻላል፤ ቢያንስ ሙሽራዋ ትታያለች። የልጁን ፎቶ የሚያሳየውም አያስቸግርም፤ "ቁርጥ አንተን!" ብሎ መገላገል ነው። መድኃኒት ያልተገኘለት የዱር እንስሳ አነሣሁ የሚለው ነው፤ በተለይ ካሜራው ከሳሙና የማትበልጥ፣ የሸሚዝ ኪስ ውስጥ የምትገባ ከሆነች። እሱ የሚያሳያችሁ ቅጠል ነው።

የኛ ዕጣ የደረሰን በታላቅ እህቴ በኩል ነው። ባሏ፣ ክቡር ጋሼ፣ የቅጠላ ቅጠል ሊቀ ሊቃውንት፣ ሠላሳ አንድ ዓመት የውሃ ቆጣሪ ሲያነቡ ኖረው ጡረታ ወጡ። መሥሪያ ቤቱም ይሠሩባት የነበረችውን ትንሽ ዲጂታል ካሜራ መረቀላቸው። ልግስና አይምሰላችሁ፤ ሌሎቹ አንባቢዎች ሁሉ በስልክ ማንሣት ስለጀመሩ የሚፈልጋት ሰው አልነበረም።

ጋሼ ቆጣሪ ሲያነሱ ሥርዓት ነበራቸው። ይንበረከካሉ፣ መስታወቱን በአውራ ጣታቸው ይጠርጋሉ፣ ትንፋሻቸውን ይውጣሉ፣ "ረጋ... ረጋ..." ይላሉ፣ ሦስት ቆጥረው ይጫናሉ። ቆጣሪ መቼም የትም አይሄድ። ቁጥሩ ከነአቧራው ጥርት ብሎ ይወጣል። ጥፋቱ የተጀመረው ይህንኑ ሥርዓት ይዘው ጫካ የገቡ ቀን ነው። ድኩላ ፊት ይንበረከካሉ፣ "ረጋ በይ እናቴ" ይላሉ፣ ሦስት ይቆጥራሉ። ድኩላዋ ሦስት እስኪቆጠር የሚያስቆማት ጉዳይ የላትም። ካሜራዋም ብትሆን ቁልፏን ሲጫኗት ወዲያው አታነሣም፤ ጥቂት ታስባለች።

ስለዚህ የጋሼ ሥራዎች በሙሉ እንስሳው ጥሎት የሄደውን ቦታ የሚያሳዩ ናቸው። በአራት ዓመት ውስጥ ያላሳዩት ሰው የለም። አውቶቡስ ውስጥ ከጎናቸው የተቀመጠ ሰው መውረጃው ሳይደርስ ይወርዳል። "ይቺን ቅጠል ታያለህ?" ይላሉ። ታያለህ፤ ሌላ የሚታይ ነገር የለማ። "ከሷ ኋላ ነበረች።"

አንድ ጊዜ ብቻ ቀንቷቸዋል። ጦጣ ናት። እሷም ከልክ በላይ ቀረበችና፣ ካሜራዋ ዙም ላይ ስለነበረች፣ ፎቶው ላይ የወጣው አንድ የአፍንጫ ቀዳዳ ብቻ ሆነ። ጋሼ በትልቁ አሳጥበው ሳሎን ሰቀሉት። እንግዳ ሁሉ ከፊቱ ቆሞ "የየት አገር ዋሻ ነው?" ይላል።

እህቴ ታማ ሆስፒታል የተኛች ጊዜም አላረፉም። የጃርት ነው የሚሉትን ፎቶ ለሐኪሟ አቀበሉት። ሐኪሙ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጎ አየና ግንባሩን ቋጠረ።

"ይሄ ራጅ መቼ ነው የተነሣው?"

"ጃርት ነው ዶክተር" አሉት። "ከቅርንጫፉ ኋላ ነበር።"

እህቴ ጎኗን ይዛ ሳቀች። ከሳምንታት በኋላ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላም ብዙ አልሳቀችም። ሐኪሞቹ የሚችሉትን አድርገው ሲያበቁ ወደ ቤቷ መለሷት።

ጋሼ አልጋዋን ከጓሮው መስኮት ሥር አስጠጉላት። ከአጥሩ ኋላ ቁጥቋጦ የወረሰው ሸለቆ አለ፤ ሰፈርተኛው ቆሻሻ የሚደፋበት፣ ላስቲክ በየእሾሁ ላይ የተንጠለጠለበት፣ ለዓይን የማይጋብዝ ቦታ ነው። አንድ ጠዋት ልጠይቃት ስገባ እጄን ያዘችኝ።

"ቀበሮ አየሁ" አለችኝ። "እዚያ ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብላ አየችኝ። ስታምር!"

እኔ ወንድሟ፣ ጋዜጣ ላይ ስለ ሰው ጠባይ የምጽፈው አዋቂ፣ ምን ብላት ጥሩ ነው?

"መድኃኒቱ ነው የኔ እህት። ያቃዣል ብሎናል እኮ ሐኪሙ። ውሻ ይሆናል ያየሽው።"

ከዚያ "እሺ" አለችና እጄን ለቀቀችው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በቀሯት ሦስት ሳምንታት ስለ ሕመሟም ስለ ትራሷም ነግራኛለች፤ "አየሁ" ብላ የነገረችኝ ነገር ግን የለም።

ጋሼ የጠየቋት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ "የቱ ድንጋይ ላይ?" በማግሥቱ ለካሜራዋ አዲስ ባትሪና አዲስ ሚሞሪ ገዙ።

ከቀበርናት በኋላ ድኩላውም ጃርቱም ቀረ። ጋሼ ጎህ ሲቀድ ሸለቆውን ይወርዳሉ፣ ፀሐይ ስትበረታ በእሾህ ተቧጭረው ይወጣሉ። ሰባት ወር ሙሉ። በየእሑዱ ቤቴ እየመጡ የሳምንቱን ቅጠል ያሳዩኛል፤ እኔም ሻይ አቀርብና እንደ ስብከት ራሴን እየነቀነቅሁ አያለሁ። ዘመድ "ሐዘኑ ነው፤ ይለቃቸዋል" አለ። እኔም አልኩ። ሲወጡ በሩን ዘግቼ "ኤጭ!" ያልኩባቸው ቀንም አለ፤ ልደብቃችሁ አልፈልግም።

አንድ ዓርብ ደወሉልኝ።

"ሰኞ ሸለቆውን ሊጠርጉት ነው፤ ፎቅ ይሠራበታል አሉ። ነገ በጠዋት ና።"

"መጥቼ ምን ላደርግ ጋሼ?"

"ምንም አታደርግም። ትረጋለህ።"

ሄድኩ። ቀያሾቹ ጫፋቸው ቀይ የተቀባ ችካል በየቦታው ተክለዋል። ከአንድ ግራር ሥር፣ ከድንጋዩ ትይዩ፣ ጤዛ ላይ ተቀመጥን። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ግማሽ ሰዓት እንደቆየን ብሶቴ ከአንደበቴ አመለጠ።

"ጋሼ፣ አይቆጡኝና፣ ይሄን ሁሉ የሚለፉት ለማን ብለው ነው? እሷ እንደሆነች አታየው።"

አልተቆጡም። ዓይናቸውን ከድንጋዩ ሳያነሱ፣ በሹክሹክታ መለሱልኝ።

"ቆጣሪ ሳነብ፣ ቁጥሩን አምኖ የሚቀበል ሰው ቤት ፎቶ አንስቼ አላውቅም። ምን ያደርጋል? የማነሣው የሚከራከረኝ ቤት ነው። እህትህ ፎቶ አያስፈልጋትም፤ አይታለች። ፎቶው ላንተ ነው።"

የምገባበት ጠፋኝ። ሰባት ወር የሳቅሁበት ልፋት ለካ ለእኔ ኖሯል። አንድ ቃል ልተነፍስ ስል ጋሼ ጉልበቴን ጨመቁኝ።

"መጣች።"

ካሜራዋን አነሱ፤ እኔ ከድንጋዩ ይልቅ የማየው እሳቸውን ነበር። ትንፋሻቸውን ዋጡ። "ረጋ... ረጋ..." አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ተጫኑ። ካሜራዋ "ጢጥ" አለችና ሚሞሪው ሞልቷል የሚል ጽሑፍ አወጣች። የሰባት ወር ቅጠል! አንዱንም አላጠፉትም ነበር።

"ሞላብኝ!" ብለው ዓይናቸውን ከድንጋዩ ሳይነቅሉ ካሜራዋን እጄ ላይ ጣሏት። "አንዱን አጥፋ! ቶሎ በል፣ ቆማለች፣ የፈለግኸውን ቅጠል አጥፋ!"

አጎንብሼ ቁልፉን ስነካካ ተሳሳትኩና ከመጨረሻው ፎቶ ወደ መጀመሪያው ዘለልኩ። እህቴ ነበረች። መስኮቱ ሥር፣ ብርድ ልብሱን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ በጣቷ ወደ ውጭ ታመለክታለች። አዲሱን ሚሞሪ የገዙ ዕለት "የቱ ድንጋይ ላይ?" ብለው ደግመው ሲጠይቋት ነው። አልደበዘዘም፣ አልተንቀሳቀሰም፤ የፀጉሯ ዘለላ ይቆጠራል። ረጋ በይ ሲሏት የረጋችላቸው እሷ ብቻ ናት።

ጣቴ ቁልፉ ላይ እንዳለ ቀረሁ። ስንት ጊዜ እንዳየኋት አላውቅም። ቀና ስል ድንጋዩ ባዶ ነው፤ አጠገቡ ያለው ሣር ይወዛወዛል።

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። ፊታቸው በእንባ ርሷል፤ እንደዚያ ደስ ብሏቸው አይቼ አላውቅም።

"ቀበሮዋን አየሃት? አየሃት አይደል?"

"እንዴታ ጋሼ! ካላየሁ ዓይኔን ግንባር ያርገው!"

እህቴ እውነቱን ስትነግረኝ ያላመንኳት እኔ፣ በሐሰት ለመማል አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም። ጋሼ ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ደጃፍ ቆመው ሲከራከሩ የኖሩ ሰው ናቸው።

"የጭራዋ ጫፍ ምን ዓይነት ነበር?"

"ጥቁር" አልኩ በድፍረት።

"ዋሸህ" አላሉኝም፤ ቅሬታም አላየሁባቸውም። መሐረባቸውን አውጥተው ፊታቸውን ጠረጉ።

"ነጭ ነው" አሉኝ ቀስ ብለው። "እህትህም ነጭ ነው ያለችኝ።"

ሰውን እንደዚያች ሰዓት ወድጄ አላውቅም። ፎቶ የለም፤ ከነገ ወዲያ ድንጋዩም አይኖርም። ቀበሮዋም ወዴት እንደምትሄድ እንጃላት። ለመከራከር የፈለገ ሰው ደኅና አድርጎ መከራከር ይችል ነበር። እኔ አቃተኝ።

"አይታለች ጋሼ" አልኩ። "ውሻም አይደለም፣ መድኃኒቱም አይደለም። እህቴ ቀበሮ አይታለች።"

ጋሼ ተነሡ። ጉልበታቸውን ይዘው ቀጥ አሉና ወደ ቤቱ ዞረው ቆሙ። ከሸለቆው ሆነው ሲያዩት የጓሮው መስኮት ቅርብ ነው፤ መጋረጃው እንኳ ይታያል።

"ድገመው" አሉኝ። "ጮክ በል።"

ጮክ ብዬ ደገምኩት።