ማሽላው ሳይታጨድ የተነፋ መለከት

መንግሥት ሲለወጥ ሁሉም ነገር ይለወጣል የሚሉ ሰዎች ወይ እርሻ የላቸውም፣ ወይ ባላቸው መለከት ነፊ አይደለም። በእኛ በአሶሳ ገጠር የሚለወጠው የሚያስለብሱን ቲሸርት ቀለም ነው። «እንግዳ መጥቷል፣ ውጡና ንፉ!» የሚለው ቃል ግን መቼ ተለወጠ?

ዋዛ የምንለው የቅል መለከታችን ሕግ አለው። ዘር ከተዘራ ጀምሮ ማሽላው እስኪታጨድ ይሰቀላል። በክረምት ከተነፋ ማሽላው ፍሬ አይዝም ይባላል። እውነት ነው ወይ? እኔ ምን አውቃለሁ! አምና ማንም ሳይነፋ እንኳ ገለባ ሆኖብን ትንሿን ልጄን በማንጎ ነው ያሳደርኳት። ታዲያ ዘንድሮ ልሞክረው?

ማሽላው ዛላ ሊያወጣ ሲል የባህል ባለሙያ ነኝ የሚል ሰው በባጃጅ መጣ። ከላይ ትልቅ እንግዳ ይመጣል፣ ዋዛ ይነፋል አለ። የመለከቱ ኃላፊ ሼህ ሀሚድ፣ «ልጄ፣ ጊዜው አይደለም» አሉት። «አባባ፣ ይሄ እኮ ፕሮግራም ነው፣ እርሻ አይደለም» አላቸው። ወላሂ፣ ፕሮግራም የሚበላ ልጅ አልወለድኩም! ይህንኑ ብነግረው «እህቴ፣ አትስጊ» ብሎ ሳቀብኝ።

አማቴን ምንም አልገረማትም። በንጉሡ ጊዜ ለገዢው፣ በደርግ ጊዜ ለካድሬው ተነፍቷል፤ ከዚያ ወዲህ የመጡትም አስነፍተዋል አለችኝ። ማሽላውስ? አልኳት። «አንዳንዴ በላን፣ አንዳንዴ አልበላንም» አለች።

ደገኞቹ ጎረቤቶቻችን ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ይላሉ። እሺ፣ አልከስም። ባሌን ግን ማኩረፍ ማን ይከለክለኛል? «አንተ ቅር፣ አትሂድ» አልኩት። «እንዴት ልቅር፣ እያንዳንዱ መለከት ያለው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፣ እኔ ከጎደልኩ ዜማው ይሰበራል» አለኝ። «የልጅህ ሆድስ ሲጎድል ምን ይሰበራል?» አልኩት። መለከቱን ከተሰቀለበት አወረደ። ሄዶ ነፋ።

እንግዳው አጨበጨቡ። ማይክ ያዙና «ባህላችሁን አንዳች ሳታጓድሉ ጠብቁ» አሉን። ሼህ ሀሚድ መሬት መሬት ያያሉ። የእንግዳው ደስታ ቢበዛ፣ ከእንግዲህ በየዓመቱ በዚሁ በክረምቱ እንዲነፋ፣ ስሙም «የጥንት ባህል ቀን» እንዲባል አወጁልን።

እንግዲህ ልጄ ስታድግ፣ ዋዛ ከጥንት ጀምሮ የሚነፋው በክረምት ነው ተብላ ትማራለች።

ካደገች።