አሥራ ሰባት ቁጥር ኮምፒዩተር የመሰከረልኝ ቀን

ሐሙስ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ የኮምፒዩተር ሳይንስ ዲፓርትመንት ኮሪደር ውስጥ ግድግዳ ተደግፌ ተራ ስጠብቅ እንቅልፍ ጣለኝና ሕልም አየሁ።

የዲፌንስ ቀን ነበር፤ የመመረቂያ ፕሮጀክታችንን ሦስት መምህራን ፊት አቅርበን፣ ጥያቄ ተጠይቀን፣ ወይ የምናልፍበት ወይ የምንወድቅበት ቀን። ቡድናችን አምስት ሰው ነው። ለግቢው ክሊኒክ የታካሚዎች ካርድ መያዣ ፕሮግራም ሠርተናል። ሠርተናል የምለው ለወጉ ያህል ነው እንጂ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው የጻፍኩት እኔ ነኝ። ችግሩ ነጥብ የሚሰጠው ለየሰዉ፣ በአፉ በመለሰው ልክ መሆኑ ነው። እኔ ደግሞ ሰው ፊት ስቆም ድምፄ ይጠፋል። ዛሬም ዝም ካልኩ እነሱ ይመረቃሉ፣ እኔ ዓመቱን እደግማለሁ። የቡድናችን መሪ አቤኔዘር ጠዋት ሊያጽናናኝ ሞክሮ፣ "ረዲ፣ አትጨነቂ፤ ወሬውን ለእኔ ተይው" ብሎኝ ነበር። ይበልጥ ያስጨነቀኝ ይኸው ነው።

በሕልሜ ኮሪደሩ ያው ኮሪደር ነው፤ የተሰለፉት ግን መምህራኑ ናቸው። እኛ ተማሪዎቹ ቢሮ ውስጥ ተቀምጠን በሩን ገርበብ አድርገናል። የዲፓርትመንታችን ኃላፊ መምህር ደረበ፣ ያ ሽበታቸው የሚያስፈራኝ ሰው፣ ወረቀታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ከፊት ቆመዋል። ከጠዋት ጀምሮ ሲመላለሱ ነው የዋሉት። አንዱ ተማሪ ማኅተም የለም ብሏቸዋል። ሌላው ማኅተሙስ አለ፣ የያዘው ሰው ግን ምሳ ወጥቷል ብሏቸዋል። ሦስተኛው ቀና ብሎም ሳያያቸው ስልኩን ይነካካል።

"እሜቴ፣ አንድ ፊርማ ብቻ ናት የቀረችኝ" አሉኝ።

ለምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

"እንዳስተምር ይፈቀድልኝ ብዬ ነው።"

አንጀቴን በሉት፤ ፈረምኩላቸው። ወረቀቱን ስመው ኪሳቸው ሲከቱት ግን፣ ሁለተኛ ፎቅ ያለ ሌላ ተማሪም መፈረም እንዳለበት ነገርኳቸው። ለምን እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም። ወንበሩ ነው መሰል ያናገረኝ።

ከዚያ የኮምፒዩተር ላብራቶሪው ውስጥ ነበርኩ። ኮምፒዩተሮቹ ወንበሮቹ ላይ እግራቸውን አነባብረው ተቀምጠዋል፤ እኛ ተማሪዎቹ ጠረጴዛ ላይ ተደርድረናል፣ አቧራ እንዳይነካን የፕላስቲክ ልብስ ለብሰናል። ከአርባ ተማሪ የሚሠራው ዘጠኝ ብቻ ነው። የቀሩት ግንባራቸው ላይ "አይሠራም" የሚል ወረቀት ተለጥፎባቸዋል፤ ከወረቀቶቹ አንዱ በእርጅና ቢጫ ሆኗል። ኮምፒዩተሮቹ ይማረራሉ። አንዷ፣ ይህ ተማሪ ጠዋት ለመነሳት ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል ትላለች። ሌላው ደግሞ፣ የእኔው ሁለት ነገር አብሬ ካዘዝኩት ደርቆ ይቀራል ይላል።

አሥራ ሰባት ቁጥር ወደ እኔ መጣ። ፕሮግራሙን የጻፍኩበት አሮጌ ኮምፒዩተር ነው፤ ሁለት ቁልፎቹ ወልቀዋል፣ ሲሞቀው ያቃስታል። የፕላስቲክ ልብሴን ገፈፈና እንድነሳ ነገረኝ።

"ዛሬ ዲፌንስ አለብኝ፤ ፕሮጀክቴ አንቺ ነሽ" አለኝ።

"ብቻህን ነህ የሠራኸኝ?"

"ብቻዬን ነው። አራት ላፕቶፖች ግን አብረውኝ ይቆማሉ። የቡድን ሥራ ነሽ።"

በክሊኒኩ በኩል አልፈን ሄድን። ክሊኒኩ ውስጥ ታካሚዎች መደርደሪያ ላይ ተሰድረዋል፤ ጀርባቸው ላይ ቁጥር አለ። ወዲያው ገባኝ። የፕሮጀክታችንን ሰነድ እንዲጽፉ የተመደቡት ሌሎቹ ሦስት የቡድናችን ልጆች ነበሩ። እነሱም ያለፈው ዓመት ተመራቂዎች ስለ ቤተ መጻሕፍት የጻፉትን ሰነድ ወስደው፣ "መጽሐፍ" የሚለውን ቃል ሁሉ ባንድ ትእዛዝ በ"ታካሚ" ለወጡት። መልሶ ያነበበው ሰው የለም። በሕልሜ ታዲያ ሁሉም ነገር ሰነዱ ላይ እንደተጻፈው ይፈጸም ነበር። ከከተማችን ሐይቅ ዳር ዓሣ ሲጠብቅ የሚውለው አባ ኮዳ የሚባለው ረጅም እግር ወፍ ነጭ ጋዋን ለብሶ፣ የተቀደደ ታካሚ በማጣበቂያ እየጠገነ ነው። አንዲት ሴትዮ ባሏን ከመደርደሪያው አውርዳ መጣች።

"ከአሥራ አምስት ቀን በላይ ማቆየት አይቻልም" አላት አባ ኮዳው።

"ሠላሳ ዓመት አቆይቼዋለሁ እኮ።"

"ቅጣቱን ታውቂዋለሽ?"

"ስከፍለው ነው የኖርኩት" አለችና ባሏን በብብቷ ሸጉጣ ወጣች።

አዳራሹ ስንደርስ ፈታኞቹ ተቀምጠዋል፤ ፕሪንተር፣ ፕሮጀክተርና ጄኔሬተር። ጄኔሬተሩ ዕድሜው ገፍቷል፤ ይስላል። እኔን ጠረጴዛ ላይ አቆሙኝ። አራቱ ላፕቶፖች ከረባት አስረው ከፊት ተደረደሩ። አሥራ ሰባት ቁጥር በር አጠገብ ቆመ፤ ገመዱ አጭር ስለሆነ ከዚያ ማለፍ አይችልም።

ፕሪንተሩ ምን ምን መሥራት እንደምችል ጠየቀ። ትጽፋለች፣ ታስባለች፣ ሻይ በሦስት ስኳር ትጠጣለች አለ አንደኛው ላፕቶፕ። ውስጧ ምን እንዳለ ሲጠየቅ ግን ወደ ሁለተኛው ዞረ፤ ሁለተኛው ወደ ሦስተኛው፤ ሦስተኛው እኔን ከላይ እስከ ታች ካየኝ በኋላ ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ ነው ብሎ አመሰገነ።

"ድምፅስ አላት?" አለ ፕሪንተሩ።

"ድምፅ በቀጣይ ጥናት የሚካተት ይሆናል" አለ አራተኛው።

ያልሠራነውን ሁሉ የምንከተው "ቀጣይ ጥናት" የሚባል ምዕራፍ ውስጥ ነው፤ የሁሉም ቡድን ሰነድ መጨረሻው ላይ አለው። ፕሪንተሩ ወረቀት ማውጣት ጀመረ። "ድምፅ የላትም፤ ዓመቱን ትድገም" የሚለውን ጽሑፍ ከራስጌው ሲወጣ አነበብኩት።

"ድምፅ አላት" አለ አንድ ሰው ከበሩ።

አሥራ ሰባት ቁጥር ነበር። ገመዱ ተወጥሯል።

"ላብራቶሪው ባዶ ሲሆን የጻፈችውን እያንዳንዱን መስመር ድምፅ አውጥታ ነው የምታነብልኝ" አለ። "ስህተቱን የምታገኘው በጆሮዋ ነው። እኔ አራት ወር ሙሉ ሰምቻታለሁ። እነዚህ አንድ ቀንም አልሰሟትም።"

ፕሪንተሩ ወረቀቱን ግማሽ ላይ አቆመው።

"እሺ፤ ትናገር" አለ።

አፌን ከፈትኩ። አንድ ቃል ከሆዴ ተነስቶ፣ ደረቴን አልፎ፣ ጉሮሮዬ ላይ ደረሰ። ይኼኔ ጄኔሬተሩ ሁለቴ አሳለና ጠፋ። አዳራሹ ጨለመ።

"ረዲ! ተነሺ እንጂ፣ ተጠርተናል" አለኝ አቤኔዘር ትከሻዬን እየነቀነቀ።

ከእንቅልፌ ስነቃ ኮሪደሩም ጨልሞ ነበር። መብራት ሄዷል። ገብተን ቆምን። ፕሮግራሙ የተጫነበት የአቤኔዘር ላፕቶፕ ባትሪው ከሞተ ሰንብቷል፤ ካልተሰካ አይነሳም። ጄኔሬተሩ ናፍጣ የለውም። ሌሎቹ ሁለት ፈታኞች ቀኑ ይለወጥ ቢሉም መምህር ደረበ እምቢ አሉ፤ ነገ የሌላ ዲፓርትመንት ተራ ነው፣ ከነገ ወዲያ ውጤት ይላካል። ጥቂት አሰቡና ወደ እኛ ዞሩ።

"ፕሮግራሙ እናንተ ሁኑ" አሉ። "አቤኔዘር፣ አንተ መግቢያው ገጽ ነህ። እኔ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ስነካህ የሚመጣውን ንገረኝ።"

ማንም አልሳቀም። አቤኔዘር ከረባቱን አስተካክሎ ቀጥ ብሎ ቆመ። መምህር ደረበ ጠረጴዛው ላይ በጣታቸው መጻፍ ጀመሩ።

"ስሜን ጻፍኩ። የይለፍ ቃሌ፣ አንድ ሁለት ሦስት አራት። አስገባሁ። ምን መጣ?"

አቤኔዘር ፈገግ አለ። "እንኳን ደህና መጡ።"

"በቃ? በአንድ ሁለት ሦስት አራት?"

"አዎ መምህር። ለአጠቃቀም ቀላል እንዲሆን ነው።"

"የበሽተኛውን ሁሉ ምስጢር መንገደኛ ይክፈተው ነው የምትሉኝ?" አሉና እስክሪብቶ አነሱ። የአምስታችን ስም ባለበት ወረቀት ላይ መጻፍ ሲጀምሩ አየሁ።

ያንን የይለፍ ቃል መፈተሻ ክፍል ሦስት ሳምንት ሠርቼበታለሁ። መስመሩን በቃሌ አውቀዋለሁ።

"የይለፍ ቃልዎ ተሳስቷል" አለ አንድ ድምፅ።

ሁሉም ዞረው አዩኝ።

"ይቅርታ፣ ምን አልሽ?"

"የይለፍ ቃልዎ ተሳስቷል። እንደገና ይሞክሩ።"

መምህር ደረበ እስክሪብቶውን አስቀመጡ። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ትንሽ አዩኝና በጣታቸው እንደገና ጻፉ። "አምስት ስድስት ሰባት ስምንት።"

"አሁንም ተሳስተዋል። አንድ ዕድል ብቻ ይቀርዎታል። እሱም ከተሳሳተ ይቆለፋል።"

"ይቆለፋል?"

"ለግማሽ ሰዓት። የክሊኒኩ ኃላፊም መልእክት ይደርሳቸዋል።"

አቤኔዘር አንድ እርምጃ ወደ ጎን ሄደልኝ። መምህር ደረበ ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው አስጠጉ፣ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፣ ዓይን ዓይኔን እያዩ፣ ሆን ብለው፣ ለሦስተኛ ጊዜ ተሳሳቱ።

ቆለፍኩባቸው።